«ፊትሽን አዙሪ» ይሉኝ የነበሩት

የእናቴ ወንድም ካረፉ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው። እንደ አገራችን ልማድ በኦሮምኛ ኤሱማ፣ አጎቴ፣ ነበር የምላቸው፤ የአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ሆነው ያረጁ ሰው ነበሩ።

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እግሯ ግን እስካሁን አልጸናላትም። እዚህ ኡኬ ከተማ ያሉ ጎረቤቶቼ «ጉድጓድ ቆፍረሽ እስከ ወገቧ አቁሚያት፣ ትጠነክራለች» ሲሉኝ፣ እውነትም ዶማ አንስቼ ነበር። ኤሱማ ዶማውን ከእጄ ነጥቀው ልጅቷን በበቅሎ ነቀምቴ ሐኪም ቤት ወሰዷት። እዚያ ነርስ ያሳየቻቸውን የመራመጃ መደገፊያ አይተው ተመለሱና፣ ደጄ ላይ ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ጎን ለጎን በችካል ላይ አጋድመው አሰሩ። በየጠዋቱ ልጅቷ ግራ ቀኙን ይዛ፣ በመካከሉ ወደ እሳቸው ትሄድ ነበር።

እኔን ግን ማየት ከለከሉኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፊትሽን አዙሪ። እግሯን ትታ ያንቺን ፍርሃት ነው የምታየው።»

ግድግዳውን እያየሁ እቆማለሁ። እሳቸው ከኋላዬ «አንድ ረገጠች... ተንገዳገደች፣ አትዙሪ... ቆመች» ይሉኛል። ስትወድቅም አይደብቁኝም፤ «ወድቃለች፣ እየተነሣች ነው» ይላሉ። ዋሽተውኝ ስለማያውቁ አልዞርም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቀርከሃውን አስያዝኳትና እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እግሯ ሁለት ጊዜ መሬት ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ። ቆማ ይሁን ወድቃ የሚነግረኝ የለም።

ኤሱማ፣ ልዙር?