እትዬ አስካለ ያነጠፉት ረድፍ

ልጅ እያለሁ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሲሸተኝ አንገቴን ያስደፋኛል።

ናዝሬት ውስጥ ከግቢያችን አጠገብ ጎረቤታችን አዲስ ቤት ያሠሩ ነበር። እትዬ አስካለ እዚያ አሸዋና ውሃ የሚያመላልሱ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ምሳቸውን እኛ ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ይበላሉ፤ ከሚበሉት ቆርሰው ያጎርሱኛል። ትንሽ ጊዜ ካገኙ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ባለሙያ አጠገብ ቆመው እጁን ያያሉ። ሙያውን መልመድ ፈልገው ነበር። ወንዶቹ «አስካለ ኢንጂነር» እያሉ ይስቁባቸዋል። ብዙ ከለመኑት በኋላ ባለሙያው «በይ እስቲ፣ የጓዳውን ጥግ አንጥፊና እንይሽ» አላቸው።

ያን ቀን ከጉልበታቸው አልተነሱም። ሲጨርሱ ክር ወጥረው አዩት፤ ቀጥ ያለ ነበር። በሩ ላይ ጣውላ አጋደሙና «እስከ ነገ እንዳትረግጪው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ሠራተኞቹ ሲወጡ ጣውላውን ተሻግሬ ገባሁ። አራት ማዕዘኖቹ ለሰኞ ማክሰኞ የተሠመሩ ይመስሉ ነበር። መሬት ላይ በከሰል ከምናሠምረው በጣም ያምራሉ። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ እስከ ግድግዳው ደርሼ ተመለስኩ።

ጠዋት የዘለልኩባቸው አራት ሴራሚኮች ሰምጠው ደርቀዋል። ባለሙያው በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸውና «አልተናገርኩም? አንቺ አሸዋሽ ይሻልሻል» አለ። ሁሉም ሳቁ። እትዬ አስካለ ተንበርክከው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ማታ እኮ ደህና ነበር» አሉ ቀስ ብለው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የእናቴን አለንጋ ፈርቼ ዝም አልኩ። እሳቸው ቤቱ እስኪያልቅ አሸዋ ተሸከሙ፤ ላንጥፍ ብለው ሁለተኛ ሲጠይቁ አልሰማሁም።

አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው። ኮሮና ሲገባ የዌርሃውስ፣ የመጋዘን ሥራዬ ቆመና ኖርዝላንድ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሼ መኮንን ሴራሚክ ማንጠፍ ያለማምዱኝ ጀመሩ። ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ሜትሩን ሦስት ጊዜ ሳላይ አልቆርጥም። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ሳምንት አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር የአንድ ቤት ባስሩም ውስጥ ያነጠፍኩት ረድፍ ጠመመብኝ። ላቤ በማስኬ ውስጥ እየወረደ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ምን ያስደነግጥሻል? ገና አልያዘም። አንሺውና ድገሚው» አሉኝ፤ ወደ ሥራቸውም ዞሩ።

ቤት ስገባ ልጄ የጨረስኩትን ሥራ ፎቶ በስልኬ አየችና «ማሚ፣ ፐርፌክት ነው እኮ» አለችኝ። የእትዬ አስካለን ነገር ልነግራት ጀምሬ ተውኩትና «እጅሽን ታጠቢና እራት ብይ» አልኳት።

እኔ አበላሽቼ እንኳ ድገሚው የሚለኝ ሰው አግኝቻለሁ። እትዬ አስካለ ምንም አላበላሹም ነበር።