የኦይቫ ማንኪያ

ሂልካን ያወቅኳቸው በረዶ ላይ ተቀምጠው ሳገኛቸው ነው። ቤታችን ትይዩ ነው። የወደቁ መስሎኝ ሮጥኩ።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም፣ እያረፍኩ ነው።»

በረዶ የሚጠርጉበትን አካፋ ተደግፈው ሊነሱ ሲሉ ግን ወገባቸው እምቢ አለ።

ያኔ መስኮቱ ኳ ኳ አለ። ባላቸው ኦይቫ ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ አልጋቸው መስኮቱ ሥር ስለሆነ መስታወቱን በማንኪያ ይመታሉ። ድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ በረዶ ይጠርጉ ነበር። ሚስታቸው ወገባቸውን ጠምዝዘው በረዶ ከወረወሩ፣ ወይ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ካጎነበሱ፣ ማንኪያው ይጮሃል።

«በእግርሽ ዙሪ! አካፋውን ወደ ሰውነትሽ አስጠጊው! ያን ሁሉ የምትዝቂው ትራክተር ነሽ እንዴ?»

«አልጋ ላይ ተኝቶ ማዘዝ ማን ያቅተዋል፣ አንተ ሽማግሌ!»

ግን ይሰሟቸዋል። መንገዱ ካልተጠረገ ኦይቫን እየመጣች የምታክመው ነርስ መኪና ደጃፉ አይደርስም። እንዲህ ከቀጠለ ኦይቫን ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ እንወስዳቸዋለን ተብሏል። ሂልካ መኪና አይነዱም። ኦይቫ ከሄዱ ሄዱ ማለት ነው።

ሂልካን «ለምን አይጠሩኝም?» አልኳቸው።

«ሰው አላስቸግርም።»

እዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው። ወገቡ እየተቆረጠም ደጁን ራሱ ይጠርጋል።

ከዚያ እርጥቡ፣ ከባዱ በረዶ መጣ። ቀን ከሌት ይወርዳል። አንድ ጠዋት ሂልካ ሲዝቁ ማንኪያው ዝም አለ። ወገባቸውን ጠመዘዙ፤ ዝም። ባሌ ሞተብኝ ብለው ሙሉ አካፋ እንደያዙ ወደ መስኮቱ ዞር ሲሉ ወገባቸው ቀጭ አለ። ጩኸታቸውን እኔም ሰማሁ።

ደግፌ ሳስገባቸው ኦይቫ ማንኪያውን ትራስ ሥር ደብቀው ያለቅሳሉ።

«ካላንኳኳሁ መጥረጉን ትተይዋለሽ ብዬ ነው። ተይኝ ሂልካዬ፣ ይውሰዱኝ። አንቺ እረፊ።»

«ዝም በል! የት ነው የምትወሰደው? ማንኪያውን አውጣ!»

አሁን ሂልካም አልጋ ላይ ናቸው። የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ማንኪያው ለእኔ ይጮሃል። ዛሬ ነርሷ ደርሳለች። በረዶው ግን አላቆመም፤ የኔም ትከሻ መያዝ ጀምሯል። ነገን እንጃ።

እባካችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። ከኩህሞ ከተማ ወደ ሩሲያ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቢጫው ቤት ነው። እስኪጠሯችሁ አትጠብቁ፣ አይጠሩም። አካፋው በሩ ጎን ቆሟል። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ትንሽ ትንሽ ዛቁ። ማንኪያው ዝም ካለ ግን አካፋውን መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ከዚያ በእግራችሁ ዞራችሁ መስኮቱን እዩ።