እሳቱ ከየት ወገን መጣ

ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ዛፍ ቆጣሪው» ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ደን ጠብቋል። ዓይኑን ጨፍኖ ቅርፊት ቢያስነኩት ወይራውን ከጥዱ፣ ጎልማሳውን ጥድ ከሽማግሌው ይለያል። «ሚስቱንም የሚያውቃት በቅርፊቷ ነው» ይሉታል። ሚስቱም መልስ አታጣም። «እኔንም ሊቆርጠኝ ምልክት አድርጎብኝ ነበር፤ ረስቶት ነው የተረፍኩት» ትላለች።

ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት ሙዚየሙ አስጠራው። በጋው ጠብታ በማይወርድበት ደን የሚበቅሉ አገር በቀል ዛፎች ለሕዝብ የሚታዩበት አንድ አዳራሽ እየተሰናዳ ነበር። የእሱ ሥራ ግንዶቹን በየስማቸው መለየት፣ ቁራጮቹን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ዘይት መቀባት ነው። ወይራዎቹን በሦስት ቀን ጨረሰ። በአራተኛው ቀን መሃል አዳራሹ ላይ የተቀመጠውን ትልቅ የጥድ ቁራጭ የሸፈነውን ሸራ ገፈፈ። ከሥሩ አጠገብ፣ በአንድ ወገኑ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ጥቁር ጠባሳ ነበረው። ዛፉን አወቀው።

የሙዚየሙ ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። ዛፍን ያወቀችው ከመጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን መጠየቅ አታፍርም። ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ይስሙኝና ያርሙኝ። ‹ይህ ጥድ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከደረሰው ቃጠሎ የተረፈ ነው። እሳቱ ከሸለቆው ስለተነሣ ወደ ሸለቆው የዞረው ወገኑ ተቃጠለ።› ልክ ነው?»

«ከሸለቆው መነሣቱን ማን ነገረሽ?»

«የፍርድ ቤቱን መዝገብ አንብቤ ነዋ! የተከሰሰው ከሰል አክሳይ ሸለቆው ውስጥ ነበር አሉ። ደግሞ ዛፉ ራሱ ይመሰክራል፣ የቆሰለው በታች በኩል ነው።»

«ነገ ልንገርሽ» አላት።

«ነገ ግን እንዳይቀሩ፤ ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ደን የጠበቀ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። እሳት እየሮጠ ሲመጣ ግንዱን ፊት ለፊት ልሶ ያልፋል። የሚዘገየው ከኋላ ነው። ወራጅ ውሃ ድንጋይ ሲያገኝ ከድንጋዩ ጀርባ እንደሚሽከረከር፣ ነበልባሉም ከግንዱ ጀርባ እየተሽከረከረ ይቆያል፤ ጠባሳውም የሚወጣው እዚያው ነው። በታች በኩል የቆሰለ ዛፍ እሳት የመጣበት ከላይ ነው። ያን ጊዜ ከጥዱ በላይ የነበረው አንድ ጎጆ ብቻ ነበር፤ የእሱ የጥበቃ ጎጆ። የዚያን ዕለት ጠዋት ምድጃውን አፈር ሳያለብስ ወጥቶ ነበር። ሌላው ሰው ቢያደርገው ዱላ የሚያነሣበትን ጥፋት!

ከሰል አክሳዩ በተከሰሰ ጊዜ ዳኛው ጥዱ ድረስ መጥተው፣ ጠባሳውን በከዘራቸው ነክተው «እሳቱ ከየት ወገን መጣ?» ብለው ጠየቁት።

«የተቃጠለበትን ወገን ያዩታል፣ ጌታዬ» አለ።

አልዋሸም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ያባበለው በዚህች ቃል ነው። ከሰል አክሳዩ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ሁለቱን ሳይጨርስ እስር ቤት ሞተ።

ማታ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ሳህኑን እያጠበች ሰማችውና ፊቷን ሳታዞር፣ «የሞተ አይነሣ። በስተርጅናችን መጠቋቆሚያ ልታደርገን ነው?» አለችው። ሳህኑን አስቀምጣ ወደ መኝታዋ ገባች።

በማግስቱ ባለሙያዋን አስቀምጦ ነገራት። ወረቀቷን አውጥታ አንድ መስመር ሰረዘች።

«አባባ፣ እኔ የምጽፈው ስለ ዛፍ ነው። እሳቱ ከላይ መጣ ብዬ አርመዋለሁ። ከዚያ አላልፍም።»

«ይበቃል። የቀረው የእኔ ነው።»

ከሙዚየሙ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ከሰል አክሳዩ ሚስት ሄደ። ልብስ ሰፊ ናት። በሯ ላይ ቆሞ ሲናገር የስፌት መኪናዋን መርገጫ አላቆመችም፤ የያዘችውን እጅጌ እስከ ጫፉ ሰፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ባሌ ያውቅ ነበር» አለችው። «‹ዛፍ ቆጣሪው ጠባሳ ማንበብ አይሳነውም፣ አንድ ቀን ይናገራል› እያለ ነው የሞተው። እኔ ሞኝ ነህ እለው ነበር።»

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ...»

«ደጄ ድረስ መጥተህ ሹክ አትበለኝ! የገደልከው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ተናገር። አሁን ከብርሃኔ ላይ ዞር በልልኝ።»

አዳራሹ የተከፈተ ዕለት ሰዉ ግጥም ብሎ መጣ። የዛፍ ቆጣሪው ሚስት ግን ቀረች። ካፖርቱን አስቦርሾ፣ ከጥዱ ቁራጭ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። የድሮ ባልደረባው ከሩቅ አይቶት፣ «አንተ ዛፍ ቆጣሪ፣ ዛሬስ ስንት ደረስክ?» ብሎ አሳቃቸው።

«ገና አንድ ላይ ነኝ» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎም ጀመረ። ስለ ጠባሳው፣ ስለ ጎጆው፣ ስለ ምድጃው ተናገረ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። «የታሰረው ሰው ንጹሕ ነበር» ሲል የድሮ አለቃው መጥቶ ክንዱን ያዘው።

«ይቅርታ አድርጉለት፤ ዕድሜ ነው። ጃጅቷል።»

ሰዉ እፎይ አለ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ወይራዎቹ ሳበቻት። ሌሎቹም ተከተሉ። የድሮ ባልደረባው ራሱን እየነቀነቀ «ጉድ! እንዲህ ያለ ሰው...» አለ። ዛፍ ቆጣሪው ክንዱን ሊያስለቅቅ ታገለ፤ አለቃው ግን ወደ በሩ መግፋቱን አልተወም።

«አልጃጀም!»

ከበሩ አጠገብ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ፣ የከሰል አክሳዩ ሚስት ቆማለች። የስፌት መርፌዎቿ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ ነበሩ።

«አልጃጀም» አለች እንደገና። «ልቀቁት፤ ይጨርስ።»

አለቃው ለቀቀው። ወይራዎቹ ዘንድ የሄዱት ዞረው አዩ። እሱም ወደ ግንዱ ተመለሰና፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ ከምድጃው ጀመረ።