ነገራ ሳያስተረጉም የዋለበት እሁድ

አምቦ ላይ ፈረንጅ ሰባኪ መጣ ከተባለ፣ ከጎኑ ቆሞ የሚያስተረጉመው ኦቦ ነገራ ነው። ማን ሌላ ሊቆም! ጊንጪ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ያረጀ፣ መዝገበ ቃላቱን ከዳር እስከ ዳር የዘለቀ ሰው ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብቶ እንኳን ዝም አይልም፤ ሾፌሩን «ለመሆኑ ‹ቦሮው› ማበደር ነው መበደር?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ምስኪኑ «ማበደር» ካለ፣ እቤቱ ደጃፍ እስኪደርስ ሲያርመው ይሄዳል።

ያን እሁድ ግን ሽማግሌዎቹ ጃለኔን አቆሟት። የራሱን ተማሪ! «ወጣቶችንም እናበርታ ብለን ነው፣ ኦቦ ነገራ» አሉት። ፊተኛው ወንበር ላይ ከሚስቱ ከደብሪቱ ጎን ተቀመጠና፣ ምነው በተሳሳተች ብሎ ጸለየ። አዎ፣ እዚያው ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

እሷ ደግሞ አልሳሳት አለች። ሰባኪው «ሃንግ ኢን ዜር» ሲል ሳታመነታ «አይዟችሁ፣ ጠንክሩ» አለች። ነገራ ‹ሃንግ› ማንጠልጠል እንደሆነ መች ጠፋው፤ ሰው ለማበርታት እንደሚባል ግን አያውቅም ነበር። ከስልኳ ነው የለቀመችው፣ ብሎ በልቡ አጣጣላት። ቅናት መቼም ምክንያት አያጣም።

ከዚያ ሰባኪው ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ። ድምፁ ሰለለ፤ «ኦቨርዌልምድ» አለና ዓይኑን ጠረገ። ጃለኔ ቃሉ አልመጣላትም። ነገራን ደስታ ወረረው። እሱ ቢሆን ይሄኔ «ሃሌሉያ!» ብሎ፣ ሕዝቡን በእልልታ አስነስቶ፣ ቃሉን ሳይተረጉመው ያልፈው ነበር። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ አሁን ይጠሩኛል ብሎ።

ልጅቷ ግን ሕዝብ ሁሉ እያያት ወደ ሰውየው ዞረችና «ይቅርታ፣ ይህን ቃል አላወቅሁትም፤ ምን ማለትዎ ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። አታፍርም! ሰውየው አልተቆጣም። መዳፉን ከአናቱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ውሃ ሰውን ሲውጥ በእጁ እያሳየ በቀስታ አስረዳት።

«እናቴ የሞተች ዕለት ነገሩ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» አለች ጃለኔ ወደ ሕዝቡ ዞራ። «የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ፤ ኀዘኑ ዋጠኝ።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ደብሪቱም አለቀሰች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዓይኗ ገና እንደቀላ ነበር።

«የጊፍቲ አባት፣ ይሄ ሰውዬ አምና መጥቶ አንተ ያስተረጎምክለት አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ያኔ ምነው ስለ እናቱ ሳይነግረን ቀረ?»

ነገራ የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ሰውየውስ ነግሯቸው ነበር። ያኔም እዚያችው ቃል ላይ ሲደርስ አልቅሷል፤ ሕዝቡ ግን እልል ብሎለት ነበር።