ከወረቀቱ ላይ የጠፋው እጅ

ኬሚስትሪ ለማስተማር ሸዋ ሮቢት ስመደብ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ይዤ ነበር። ውስጡ ለመመረቂያ ጥናቴ የሠራሁት ቢጫ ዱቄት አለ። በዱቄቱ ሞለኪውል ውስጥ አንድ ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ይኖራል። የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ኦክስጅኑን ትቶ አጠገቡ ወዳለው ናይትሮጅን ይሻገራል፤ ቢጫውም ይቀላል። ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ሃይድሮጅኑ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቀዩም መልሶ ቢጫ ይሆናል።

ይህን ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ አንድ ቅዳሜ ዱቄቱን በአልኮል አሟሙቼ ወረቀት ቀባሁበት። የአከራዬ ልጅ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። በማግስቱ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው።

"ቲቸር፣ ደግሞ ምን ልታደርጊን ነው?" አለችኝ።

"እጅሽን እዚህ ላይ አድርጊ።"

"ጅንሽ ቢይዘኝስ?"

እየሳቀች መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘረጋች። የሮቢት ፀሐይ ጊዜ አልፈጀበትም። እጇን ስታነሳ ዙሪያው ቀልቶ፣ የእጇ ቅርጽ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ሳቋን አቆመች። ወረቀቱን ወስዳ ለእናቷ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። እዚያ ቤት የከበረ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው በዚያ ሳጥን ነው። ጨለማው እንደሚያጠፋው መናገር ነበረብኝ። ግን አፈርኩ።

ልጅቷ ከሄደች ሁለት ወር ሞላ፤ አልደወለችም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቷን ክፍት ሳጥን አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ዳር እስከ ዳር ቢጫ።

"እጇ የለም" አሉኝ። "ሞታለች አይደል? በአላህ ይሁንብሽ፣ አትደብቂኝ።"

"እማማ፣ ጨለማው ነው እንጂ..." ብዬ ስለ ሃይድሮጅኑ ጀመርኩ። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል እንጂ አልሰሙኝም።

"እንግዲያው መልሺልኝ።"

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። እሳቸው በማያዩኝ በኩል የራሴን እጅ አስቀመጥኩበት። ሳነሳው የቀረው ቅርጽ የእኔ አልመሰለኝም፤ የማላውቀው ሰው ከወረቀቱ ማዶ መዳፉን የለጠፈ ይመስል ነበር።

ወስጄ ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ አተኩረው አዩት። ከዚያ የራሳቸውን መዳፍ በላዩ ለክተው ጣት በጣት ዳሰሱት።

"አለች! አልሐምዱሊላህ፣ አለች" አሉ። ወዲያው ድምፃቸው ወረደ። "ግን ከስታለች። ጣቶቿ እንዲህ አልነበሩም። አያበሏትም ማለት ነው።"

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።