ወንዝ የተሻገረው አልጋ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ቦሳ ኪቶ

ገና ጎህ ሳይቀድ ሹፌሩ ናስር አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ ጥሩንባውን ነፋ። እኔ፣ አናጢው እንዳለ፣ ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን የዋንዛ አልጋ ለአራት ተሸክመን ጫንነው። አልጋው የዘይነባ ነው። ነገ ሙሽራ ሆና ከሸቤ ወዲያ ወዳለ የቡና መንደር ትገባለች። ያሠሩላት እናቷ ወይዘሮ ዘሀራ፣ በእኛ ሰፈር አጠራር አደ ዘሀራ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልብስ እየሰፉ ብቻቸውን ያሳደጓት፣ ስድሳን ያለፉ ሴት።

ፈታትቼ ልጭነው ነበር፤ እሳቸው ግን እንቢ አሉ።

"ተበታትኖ የሚገባ አልጋ ማገዶ ይመስላል። ሙሉውን ይግባ፣ የባሏ አገር ሰው ይየው። አንተም ትሄዳለህ፣ እንዳለ፤ አናጢው አንተ ነህ።"

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ሰቃ

ጨጨብሳ ለመብላት ቆምን። ገበያተኛው መኪናውን ከበበ። አንድ ሽማግሌ አልጋውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "ጋሪ ዳ! ጥሩ ነው!" አሉ። አደ ዘሀራ ለጠየቀ ሁሉ "የልጄ ነው፣ የዘይነባ" እያሉ ሲመልሱ ጨጨብሳው ቀዘቀዘባቸው።

ከሰቃ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ነው። የተለቀመው ቡና በየደጁ ቆጥ ላይ ተሰጥቷል። ሴቶቹ ሰማዩን እያዩ ሸራ ይጎትታሉ፤ ኅዳር ሆኖ ሳለ ሌሊቱን ያልታሰበ ዝናብ ጥሏል። ናስር አንገቱን አወጣና፣

"ይሄ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት እንዳይሆን ብቻ" አለ።

ቀን 6 ሰዓት፣ ወንዙ ዳር

ከሸቤ ወደ ጭቃው መንገድ ከታጠፍን በኋላ ሁለቴ ተቀርቅረን፣ ሁለቴ ገፍተን ደረስን። ወደ ጎጀብ የሚገባው ወንዝ የግንድ ድልድዩን ጠራርጎ ወስዶታል። ማዶ የሙሽራው ዘመዶች ቆመዋል። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የጠፍር ገመድ ተወጥሯል፤ ጀማል የሚባል ጎልማሳ ከሥሩ ቢጫ ጀሪካኖች በታሰሩበት የእንጨት ርብራብ ላይ ሆኖ ጠፍሩን እየሳበ ሰው ያሻግራል።

"ነገ ጠዋት ውሃው ይጎድላል። ዛሬ ይቅርባችሁ" አለን።

"ነገ የምትሻገረው ሙሽራዋ ናት" አሉ አደ ዘሀራ። "ልጄ ባዶ ቤት አትገባም።"

አልጋውን ርብራቡ ላይ አሰርነው። ዘወር ስል አደ ዘሀራ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል።

"አደ ዘሀራ፣ ዋና ይችላሉ?"

"አልችልም። አንተስ?"

"እኔም አልችልም።"

"እንግዲያው ቢስሚላህ በል።"

ናስር ከመኪናው ጋር ቀረ፤ ሦስታችን ተነሳን። መሀል እስክንደርስ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ጎርፉ ያመጣው ግንድ ጎናችንን መታንና ከጠፍሩ ጋር ያያዘን ገመድ ተበጠሰ። ርብራቡ ሁለት ጊዜ ዞሮ ቁልቁል ነጎደ። ከዳር ጩኸት ተነሳ። የአልጋውን እግር አቅፌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ቀላቀልኩት። ጀማል "ቀቢ! ያዝ! ያዝ!" ይላል። አደ ዘሀራ "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" ይላሉ።

ፊት ለፊታችን ከማዶው ዳር የወደቀ አንድ ሾላ ወንዙ ውስጥ ተጋድሟል። አጠገቡ ስናልፍ አደ ዘሀራ ብድግ ብለው ቅርንጫፉን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እግራቸውን በአልጋው ራስጌ ቆለፉ። እኚያ መርፌ የለመዱ እጆች አልለቀቁም። ርብራቡ ቆመ። ጀማል ዘሎ የሾላው ግንድ ላይ ወጣና አሰረን፤ የማዶ ሰዎች እየሮጡ መጥተው አንድ በአንድ አወጡን። አልጋውም ወጣ።

አደ ዘሀራ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንድ ጫማቸው የለም። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠጋ በሳቅ እየተንፈራፈሩ ነው።

"አልሃምዱሊላህ! እንዳለ፣ አንተ ስንት ታቦት ነው የጠራኸው?"

"ያልቀረ የለም፣ እማዬ።" ከዚያች ሰዓት ወዲህ እማዬ ነው የምላቸው።

10 ሰዓት፣ መንደሩ

አልጋውን ስምንት ሰው ተሸክሞ በቡናው ጥላ ሥር እየዘፈነ አስገባው። መንደሩ እልል አለ። የሙሽራው አባት አባ ራያ አዲሱን ቤት አሳዩን፤ በሩ ላይ ስንደርስ ግን ዘፈኑ ቆመ። አልጋው አይገባም። አዘነበልነው፣ አቆምነው፣ ገለበጥነው። እንዳልፈታው እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ማያያዣው አልላቀቅ አለ። ሁሉን ስለካ በሩን አልለካሁም! ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባ ራያ አልጋውን አዩ፣ በአንድ ጫማ የቆሙትን አደ ዘሀራን አዩ፣ ኮታቸውን አወለቁ።

"ወንዝ ያልመለሰውን አልጋ የእኔ በር ሊመልሰው ነው? መጥረቢያ አምጡ!"

የልጃቸውን አዲስ ቤት ግድግዳ ራሳቸው መቱት። አልጋው በግድግዳው ገባ። ከዚያ ሱሪያችንን ሰብስበን ጭቃ ረገጥን፤ አባ ራያም፣ ጀማልም፣ እኔም። ማገሩን መልሰን ስንመርግ በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። አደ ዘሀራ አልጋው ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

"አባ ራያ፣ ውስጥ ናቸው። እናስነሳቸው እንዴ?"

ጭቃውን በመዳፋቸው ለጠፉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ተዋቸው ይተኙ። ለእሳቸውስ በሩ ይበቃቸዋል።"