ብርድ የመታው ሞተር

ሞተር ብስክሌት መጠገን ማንም አላስተማረኝም። ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ የተረፉኝን ብሎኖች በቆርቆሮ አጠራቅሜ ነው የተማርኩት። ብሎን መትረፉን አንዳንድ ሰው እንደ ጉድለት ያወራብኝ ነበር። እኔ ግን ፋብሪካው ያበዛውን ቀነስኩ እንጂ ያጎደልኩት ነገር የለም። ሞተሬ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አገልግላኛለች።

ካርቱም ይበርዳል ስል ከተማዋን የማያውቅ ሰው ይስቃል። ጥር ላይ የሰሜኑ ነፋስ ሲነሳ ግን በሙቀቱ ወራት ደጅ የሚያድረው ሕዝብ ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚውለው። ነፋሱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ አቧራውን አስከትሎ ነው።

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ነው። ከእኛ ግቢ አንዲት የወሎ ልጅ ተከራይታ ትኖር ነበር። ከአባይ ማዶ ኦምዱርማን አንዲት አስተማሪ ቤት ትሠራለች። ሴትዮዋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ስትወጣ አሮጊት እናቷን የምትጠብቅላት ይህቺ ልጅ ናት። ልጅቷ ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ወርዳ፣ እዚያ ሌላ ሃፍላ ቀይራ ስለሆነ የምትደርሰው፣ በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን አረፈደች። «ሦስተኛ ካረፈድሽ እንዳትመጪ» ተባለች። ማምሻውን እያለቀሰች ነገረችኝ።

«ነገ በሃፍላ አትሄጂም፤ እኔ አደርስሻለሁ» አልኳት። «ለእኔ ኦምዱርማን ግማሽ ሰዓት ነው።»

«ጋሼ፣ ሞተሩ በዚህ ብርድ ይነሳል?»

«የእኔ ሞተር?» አልኳት። ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልግም ነበር።

ነፋሱ ሲያፏጭ አደረ። ጎህ ሲቀድ ወጣሁ፤ ልጅቷ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ተጠቅልላ በሩ ጋ ቆማለች። ፔዳሉን ረገጥኩ። ዝም። አምስቴ፣ አሥሬ ረገጥኩ። ሞተሬ አንድ ጊዜ እንደ ማቃሰት ብላ ጭራሽ ዝም አለች።

«ብርድ መትቷታል» አልኩ። ምርመራዬ ፈጣን ነው።

ካንዴላዋን ፈትቼ ከሰል ላይ አሞቅኋት። ይህ ዘዴ የራሴ ግኝት ነው፤ ሌላ ሰው ካወቀውም ከእኔ ሰምቶ ነው። ሙቅ ውሃ አስመጥቼ ካርቡሬተሩ ላይ አፈሰስኩ። ቤንዚኑ ይወርዳል፣ ካንዴላዋ ብልጭ ትላለች፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከሩብ ሆነ።

«ጋሼ፣ ሃፍላ ልያዝ እንዴ?»

«አሁን በሃፍላ ብትሄጂ ነው የምታረፍጂው» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ያዘገየኋት ግን እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ አላበኝ።

ጎረቤታችን ሱዳናዊው ሀጅ ከሱብሂ ሰላት ሲመለስ በነጭ ጀለቢያው አጠገባችን ቆመ።

«ያ ኡስታ፣ አንተ ባለሙያ! ዛሬም ልታርዳት ነው? ምናለ መካኒክ ጋ ብትወስዳት?»

«መካኒኩ ፊትህ ቆሟል።»

«እሱንማ አየሁት። ለዚህ ነው ሌላ ፈልግ የምልህ።»

«ከምትስቅ ግፋ!»

ሀጁ ምላሱ ቢረዝምም ልቡ ደግ ነው። የጀለቢያውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይገፋ ጀመር። እኔ ላይዋ ወጥቼ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። አንዴ ትን አላት። ሁለተኛ ስለቀው እንደ ጠመንጃ ጮኸችና ከጭስ ማውጫዋ ጥቀርሻ የለበሰ ጨርቅ ተፈናጥሮ ሀጁ ሆድ ላይ ተለጠፈ።

«አላህ!» አለ ሀጁ ጀለቢያውን ከጥርሱ ጥሎ። «አንጀቷ ወጣ!»

አንጀቷ ይውጣ አይውጣ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፤ ተነስታለች። ካቆምኳት ደግሞ መልሳ እንደምታኮርፍ ጠባይዋን አውቃለሁ። የመብራት ምሰሶውን እየዞርኩ «ዝለይ!» አልኳት ልጅቷን።

«እየሄደ?!»

«ከቆመች አትነሳም! ያላ!»

በሦስተኛው ዙር «ቢስሚላህ» ብላ እግሮቿን ወደ አንድ ጎን አድርጋ ተፈናጠጠች። ዘመድ ያልሆኑ ወንድና ሴት አብረው ሲሄዱ ፖሊስ ያስቆም ነበርና፣ ከጠየቀን አባቴ ነው በይ ብያት ከነፍን። ኮብሪው፣ ማለት የአባይ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ያኔ ነው ጆሮዬ ሥር የጮኸችው።

«ጋሼ፣ ያ ጨርቅ እኮ የኔ ነው!»

«የቱ?»

«ሀጁ ሆድ ላይ ያረፈው! አቧራ ሲነሳ ቀዳዳ ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ይደፈናል፤ ማዳም ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። ማታ መስኮቱን፣ የበሩን ሥር፣ የውሃ መውረጃውን ስደፍን የሞተሩንም ጭስ ማውጫ ጠቀጠቅሁት። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ።»

«ታዲያ ጠዋት ስታገል ምነው ዝም አልሽ?»

«ሁሉን ያውቃሉ ብዬ ነዋ! ካንዴላ በከሰል የሚያሞቅ ሰው ጨርቁ አልታየውም ብዬ ላስብ?»

ልቆጣ ብዬ ተውኩት። ትክክል ናት። ሰው በእውቀቱ ሲታወቅ እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል፤ ማንም ደፍሮ አይነግረውም።

ኦምዱርማን ስንደርስ ማዳሟ ቦርሳዋን አንግታ፣ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላ በሩ ላይ ቆማለች። ለአንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል። የልጅቷ ፊት በአቧራ ግራጫ ሆኗል። ማዳሟ ሰዓቷን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ባሽሙሃንዲስ ነው» አለች ልጅቷ። ሱዳን ውስጥ መሐንዲስ የሚከበረው በዚህ ስም ነው። እኔም አላስተባበልኩም።

«ግቢ፤ እናቴ ቁርሷን አልበላችም። ለባሽሙሃንዲሱም ሻይ ስጪው» አለችና ማዳም ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። «እንዳትመጪ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም።

ልጅቷ ሻዩን በብርጭቆ ይዛልኝ ወጣች።

«ያጥፉትና ወርደው ይጠጡ እንጂ ጋሼ።»

«አላጠፋትም። በብርድ ጊዜ ሞተር በደንብ መሞቅ አለበት» አልኳት፤ አንድ እጄን ቤንዚን መስጫው ላይ አድርጌ በሌላው ብርጭቆውን ተቀበልኩ።

«ልክ ነው፣ ይሙቅ» አለች፤ አፏን ግን በቶቧ ሸፍና ነበር።

ከውስጥ አሮጊቷ «የምን ጩኸት ነው? የት ሄድሽ?» ብለው ተጣሩ።

«መጣሁ! እዚሁ ነኝ!» ብላ ሮጣ ገባች።